ያ ዘፈን ሲመጣ ልብሽ ወዴት ይሄዳል?

ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ ኢቃማም ሆነ ስለ ደመወዝ አናወራም። የምንጨዋወተው ስለ ዘፈን ነው፤ ያውም ስለ ፍቅር ዘፈን። «በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ደግሞ የምን ዘፈን ነው?» ብለሽ ሳትገረሚ አልቀረሽም። ግን እስቲ ታገሺንና እስከ መጨረሻው አብረሽን ዝለቂ። ነገሩ ከዘፈንነት አልፎ ከገንዘብሽ፣ ከትዳርሽና ከነገ ኑሮሽ ጋር የሚገናኝ ነውና።

ጊዜው ሌሊት ነው እንበል። የእራቱ ዕቃ ታጥቧል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ የማዳም በር ተዘግቷል። አንቺም ወደዚያች ጠባብ ክፍልሽ ገብተሽ ስልክሽን ከፈትሽ። ዩቲዩብ ሳትጠይቂው አንድ የድሮ ዘፈን አመጣልሽ። መግቢያው ገና ሲጀምር፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ ደረትሽ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። ሪያድ ከዓይንሽ ጠፋች። የት ደረስሽ? ደሴ መናኸሪያ? ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር? አዲስ አበባ፣ ሰው በታጨቀበት ታክሲ ውስጥ? ወይስ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ደብተርሽን እንዳቀፍሽ?

ይህ በአንቺ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ለምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ ጥንቃቄ እንደሚያሻው አብረን እንመልከት።

የካሴቱ ዘመን

ፈረንጆቹ አዲሱን ምዕተ ዓመት አንድ፣ ሁለት ብለው የጀመሩባቸው ዓመታት ለእኛ የሚሊኒየም ዋዜማ ነበሩ። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እስኪደርስ አገር ምድሩ ሽር ጉድ ይል ነበር። ሙዚቃውም በዚያው ልክ ይሞቅ ነበር። ቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» የተሰኘውን አልበሙን ይዞ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ በ2005 ደግሞ «ያስተሰርያል» ተከተለ። የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በስሟ የተሰየመውን አልበም ለዓለም ያሰማችው በዚያው በ2001 ነበር። ፀደንያ ገብረማርቆስ በ2004 የኮራ ሽልማትን ከምሥራቅ አፍሪካ ሴት ድምፃውያን አሸንፋ ወሰደች። ዘሪቱ ከበደ በ2005 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። አንጋፋዋ አስቴር አወቀ በ2006 ያወጣችውን አልበም በአንድ ቃል «ፍቅር» ብላ ሰየመችው። ሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው»ን፣ እዮብ መኮንን «እንደ ቃል»ን፣ ጎሳዬ ተስፋዬ «ሳታማኝ በያት»ን ያሰሙንም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ማዲንጎ አፈወርቅ፣ ታምራት ደስታ፣ አብዱ ኪያር፣ አብነት አጎናፍር እያልሽ አንቺ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ልትቀጥዪበት ትችያለሽ።

ዘፈኑ ወደ እኛ የሚደርስበትን መንገድ ታስታውሺያለሽ? ካሴት ነበር። «ኤ» ገጹ ሲያልቅ ወደ «ቢ» ይገለበጣል። ክሩ ሲላላ እስክሪብቶ ከቶ ማጠንጠን ነው። አንዱ ጎረቤት የገዛውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ያላቸው ይቀዱታል፤ የሌላቸው ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆም ብለው ይሰማሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ፣ ሸገር 102.1 ከ2007 ጀምሮ በየታክሲውና በየሱቁ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ ያን ጊዜ አንድን ዘፈን ብቻሽን አልሰማሽውም። እናትሽ ቡና እየቆሉ፣ እህትሽ ፀጉሯን እየተሠራች፣ ወንድምሽ «ድምፁን ቀንሱ፣ ላጥና» እያለ ነው የሰማሽው። ዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻሽ ስትሰሚው እነዚያ ሁሉ ሰዎች አብረው የሚመጡት ለዚህ ነው።

በዚያው ጊዜ ሪያድ የነበሩ እህቶች ዓለም ሌላ ነበር። በከተማዋ የሕዝብ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ ሲኒማ በሳዑዲ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ነው። የአደባባይ የሙዚቃ ዝግጅትም ያኔ እንደ ዛሬው አይታሰብም ነበር። የሚሰማው የቤቱ ቴሌቪዥን ነው፤ የእነ ናንሲ ዓጅረምና የእነ ኤሊሳ ክሊፕ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ወለል የምትወለውለው እህት ቃሉን ሳታውቀው ዜማውን ታጠናለች። የአማርኛው ዘፈን ግን ከተቆለፈ ሻንጣ ውስጥ ካለች ካሴት፣ ኋላም ከስልክ ሚሞሪ ነበር የሚወጣው። ለአገር ቤት ስልክ የሚደወለው በካርድ ስለነበረ ደቂቃው ቶሎ ያልቃል። ካርዱ ካለቀ በኋላ ሌሊቱን የሚያስነጋው ዘፈኑ ነው።

ለምን እንዲህ ይነካል?

በአማርኛ ሙዚቃ ውስጥ ትዝታ የቅኝት ስም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከምንላቸው ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ትዝታ የዘፈን ስምም ነው፤ ያውም ባለቤቱ አንድ ሰው ያልሆነ ዘፈን። እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ግጥም አምጥቶ የራሱን ትዝታ ይዘፍናል። እንግዲህ ናፍቆትን ቅኝት አድርጎ በክራርና በማሲንቆ ላይ ያሰረ ሕዝብ ልጅ ነሽና ዘመናዊ የፍቅር ዘፈን ስትሰሚ እንኳ ጆሮሽ ትዝታን ቢፈልግ አይፈረድብሽም።

ፈረንጆችም ይህን ነገር ስም ሰጥተው መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ የአገር ናፍቆትን እንደ በሽታ ቆጥሮ ጻፈበት፤ «መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትም «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ከጻፈባቸው ሰዎች አንዷ የገጠር ልጅ ናት። ወድቃ ተጎድታ ሐኪም ቤት ገባች። ምግቡንም መድኃኒቱንም እምቢ አለች፤ አፏ ላይ ያለው «ቤቴ ልሂድ» የሚል ብቻ ነበር። ወደ ቤተሰቧ ሲመልሷት በጥቂት ቀናት ዳነች። ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው የዚያች ልጅ ነገር ሪያድ ውስጥ ላለች የእኛ እህት እንግዳ አይሆንባትም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ ስዊዝ ወታደሮች የተጻፈ ነገር አለ። እነዚያ ወታደሮች እንደ አንቺ በውጭ አገር፣ በሰው ቤት፣ በደመወዝ የሚያገለግሉ የድሃ ገበሬ ልጆች ነበሩ። ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1768 ባወጣው የሙዚቃ መዝገበ ቃላት ላይ እንደሚተርከው፣ በአገራቸው ተራራ ላም ሲጠብቁ የሚሰሙትን ዜማ በጦር ሰፈር መጫወት ተከልክሎ ነበር። ለምን ቢባል፣ የሰሙት ያለቅሳሉ፣ ይከዳሉ፣ አንዳንዱም በናፍቆት ይሞታል ይባል ነበር። ሩሶ ዜማውን መርምሮ የደረሰበት ነገር ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ያ ኃይል ከዜማው አልነበረም። ለባዕድ ሰው ዜማው ምንም አያደርገውም። ወታደሩን የሚያስለቅሰው ዜማው የሚያስታውሰው ልጅነቱ፣ ተራራው፣ የቀድሞ ደስታው ነው።

በዘመናችን ስለ ሰው ትዝታ የሚያጠኑ ምሁራንም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነገር ይናገራሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ አጥርቶ የሚያስታውሰው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ያለፈበትን ነው። የመጀመሪያ ጓደኝነት፣ የመጀመሪያ ፍቅር፣ ከቤት መውጣት የሚሆኑት በዚያ ዕድሜ ነውና። በዚያን ጊዜ የተሰማ ዘፈን ከነዚህ ነገሮች ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አንቺም አገርሽን ለቀሽ የወጣሽው በዚሁ ዕድሜ ከሆነ ዘፈኑ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይይዛል፦ ወጣትነትሽንና አገርሽን። እንዲህ ያለ ዘፈን ከባድ ቢሆን ምን ይገርማል?

ስምሽን የሚያውቅ ነገር

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። በዚህ አገር ስንት ስም ተሰጠሽ? ከእህቶቻችን ብዙዎቹ ጉዞው እንዲሳካ ሲባል በፓስፖርታቸው ላይ የክርስትና ስማቸው ቀርቶ ሌላ ስም ተጽፎላቸው ነው የመጡት። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ያም ስም አይጠራም፤ «አንቺ» ወይም «ሠራተኛዋ» ይባላል። ዓመታት ሲያልፉ ሰው ራሱን በሌሎች አፍ መጥራት ይጀምራል። «እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ» ትያለሽ፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበርሽ ትረሺዋለሽ።

ያ የድሮ ዘፈን ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቃት በዓመት በዓል ቀን ነጠላዋን አጣፍታ የወጣችውን፣ በጓደኞቿ ፊት የምትስቀውን፣ አንድ ልጅ ሲያያት መሬት መሬት የምታየውን ልጅ ነው። እሷ አንቺ ነሽ። ፍቅር የሚገባት፣ የምትመርጥና የምትመረጥ ሰው እንደነበርሽ፣ ዛሬም እንደሆንሽ ዘፈኑ ይመሰክርልሻል። ይህን ማስታወስ ለአእምሮ ጤና ትልቅ ነገር ነው፤ እንባም ከመጣ ይምጣ። ተዋርዶ ከመደንዘዝ አልቅሶ መንቃት ይሻላል።

ሌላም እናንሳ። ብዙ ድምፃውያን የዘፈኗቸው የፍቅር ግጥሞች ከሴት ብዕር የወጡ መሆናቸውን ታውቂያለሽ? ገጣሚና ተዋናይት ዓለምፀሐይ ወዳጆ ግጥሞቿን ለበርካታ ድምፃውያን ሰጥታለች። እሷም ከአገሯ ተሰድዳ በዋሽንግተን ዲሲ ኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ጣይቱ የተባለውን የባህል ማዕከል እዚያው አቋቁማለች። ጂጂና ዘሪቱ ደግሞ የራሳቸውን ግጥም የሚጽፉ ናቸው። የሴት ልብ የሚያስበውን በሴት ቃል የሰማንበት ዘመን ነበርና «የእኔን ታሪክ ነው የዘፈነችው» ብለሽ ብታስቢ እውነትሽን ነው።

ዘፈኑ ያልነገረሽ

ነገር ግን እህቴ፣ ዘፈኑ የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ። ጊዜ መሄዱን አይነግርሽም። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ልጅ ዛሬም 22 ዓመቱ ነው። አንቺን የሸኘበት መንገድ ዛሬም አቧራው አልተለወጠም። እናትሽ አላረጁም። ዘፈን የሰው ፎቶግራፍ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም፤ ያኔ የነበረውን ያሳያል፣ ዛሬ ያለውን አይናገርም።

ዘፋኞቹን ራሳቸውን ተመልከቺ። በጅግጅጋ የተወለደው እዮብ መኮንን ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ ያረፈው በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው። ታምራት ደስታ በ2010 ዓ.ም.፣ ማዲንጎ አፈወርቅ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተለዩን። ሚካያ በኃይሉም በወጣትነቷ አርፋለች። የዘሪቱን፣ የሚካያንና የእዮብን አልበሞች ያቀናበረው፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው ኤልያስ መልካም በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አልፏል። ጎሳዬ ተስፋዬ ለብዙ ዓመታት አልበም ሳያወጣ ቆይቶ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። አንቺ ስልክሽ ላይ ስትከፍቻቸው ሁሉም እንደ ትናንቱ ናቸው። ጊዜ ግን በእነሱም፣ በአንቺም፣ በዚያም ልጅ ላይ አልፏል።

አገርም እንዲሁ ነው። ይህን በመራራው የተማሩ ወገኖች አሉን። በኅዳር 2006 ዓ.ም. በዚሁ በሪያድ፣ በመንፉሃ ሰፈር የደረሰውን የማያስታውስ የለም። የምሕረት ጊዜው ካበቃ በኋላ በተከተሉት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቦሌ ሲያርፉ ዘፈኑ ውስጥ የነበረችውን አገር አላገኟትም። የቤት ኪራዩ ሌላ ነው፤ የልጅነት ጓደኞች የሉም፤ ልጆቻቸው አላወቋቸውም፤ የላኩት ገንዘብ የታሰበበት ላይ ያልዋለባቸውም ነበሩ። ብዙዎች ተመልሰው ለመሰደድ መንገድ ፈለጉ። ናፍቆታቸው ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የናፈቁት አገሩን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ስለነበረ ነው። አገር በአውሮፕላን ይደረሳል፤ ዓመት ግን አይደረስበትም።

ዘፈን እየሰሙ የማይወሰኑ ነገሮች

የዛሬው ጽሑፋችን ዋና መልእክት እዚህ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አባቶቻችን። በትዝታ ሌሊት የተወሰነ ነገርም ሲነጋ ይፈታል። እነዚህን ሦስቱን እባክሽ ለብርሃን አቆያቸው።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ያ የድሮው ልጅ በኢሞ ወይም በፌስቡክ አገኘሽ እንበል። ሰላምታ ከማብዛቱ በፊት ያን ዘፈን ላከልሽ። ልብሽ ቀለጠ። ሳምንት ሳይሞላ «ትንሽ ቸግሮኝ ነበር» ይመጣል፤ ከዚያ የመኪና፣ ከዚያ የመሬት፣ ከዚያ «አንቺ ስትመጪ የምንኖርበት» ቤት ጉዳይ ይከተላል። እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዘፈኑ ግን ለሁለቱም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ዘፈን በላከልሽ ሰው ስም ከመላክሽ በፊት ጥቂት ጠይቂ፦ አግብቷል ወይ? ምን ይሠራል? ቤተሰቡስ ይህን ያውቃል ወይ? ከአገር ቤት የምታምኛት አንዲት ሴት ሄዳ ትየው። መሬት ወይም ቤት ይገዛ ከተባለም በማን ስም እንደሚጻፍ ወረቀቱን ሳታዪ አትላኪ። የሚወድሽ ሰው በጥያቄሽ አይቆጣም።

ሁለተኛው ትዳር ነው። በስልክ ተጫጭቶ በእረፍት ሄዶ መጋባት በእኛ ዘንድ የተለመደ ሆኗል፤ መልካም የሆነላቸው ብዙ ናቸው። ግን አንቺ የምታገቢው ዛሬ ያለውን ሰው ነው። ስለ ድሮው ስታወሩ ሰዓቱ የሚበር ከሆነ፣ ስለ ዛሬው ስታወሩ ግን ቃል የሚያጥራችሁ ከሆነ ቆም በይ። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ያልተያየ ሰው እንደ አዲስ መተዋወቅ አለበት። እሱም አንቺን እንደዚያው። በዚህ ቤት ስንት ነገር ተሸክመሽ እንደኖርሽ ያቺ የዘፈኑ ልጅ አታውቅም፤ እሱ ግን ማወቅ ይገባዋል። ባለትዳር ከሆንሽ ደግሞ ባልሽን ከዘፈኑ ልጅ ጋር አታወዳድሪው። ያ ልጅ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ የታመመ ልጅ አዝሎ፣ ሚስቱ በሌለችበት ሌሊቱን አንግቶ አያውቅም።

ሦስተኛው መውጣትና መመለስ ነው። ኮንትራቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ናፍቆት ሲበረታብሽ «ነገ ጥዬ እወጣለሁ» ማለት ይመጣል። በደል እየደረሰብሽ ከሆነ፣ እየተደበደብሽ ወይም ደመወዝሽን እየተከለከልሽ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለዚያ ዝም ማለት አይገባም፤ ለሚመለከተው ማመልከት ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚገፋሽ ናፍቆት ብቻ ከሆነ ሌሊቱን አሳልፊው። ሲነጋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ቁጭ በይ፦ ስንት ብር አለኝ? ስገባ ምን እሠራለሁ? ልጄ በማን እጅ ነው? ቁጥሩ ካመቸሽ ሂጂ፤ ካልሆነ ቀኑን ወስነሽ ጠብቂ። ቀን የተቆረጠለት ናፍቆት ይቀላል።

ቲክቶክና የቤቱ ግድግዳ

አንድ ተግባራዊ ነገር ደግሞ እንጨምር። ዛሬ ብዙ ወጣት እህቶች በነዚያ የድሮ ዘፈኖች ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቲክቶክ ላይ ይለቃሉ። ለመዝናናት ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን የምትቀረጪበትን ቦታ ልብ በይ። ከጀርባሽ የአሠሪዎችሽ ሳሎን፣ ልጆቻቸው ወይም ማዳም ባልተሸፈነ ፀጉር ብትታይ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ወንጀሎች ሕግ፣ ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መቅረጽ ካማረሽ በራስሽ ክፍል፣ ከባዶ ግድግዳ ፊት ይሁን።

የምትሰሚበት ጊዜም የራስሽ መሆን አለበት። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ደንግጎ ነበር፤ በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ደንብ ደግሞ ሳይቋረጥ 24 ሰዓት የሚቆይ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የሳምንት ዕረፍት ይላል። ወረቀት ላይ ያለውና ቤት ውስጥ ያለው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም መብትሽን ማወቅ ለመጠየቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከእሳት ፊት ቆመሽ ወይም ሕፃን ታቅፈሽ ግን የጆሮ ማዳመጫ አታድርጊ፤ ልጅ ሲወድቅ አትሰሚም፤ ጣጣው ብዙ ነው።

«ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ይህን ጥያቄ ይዘሽ እስከዚህ እንዳነበብሽ እናውቃለን። በዚህ ላይ የምእመናን ሐሳብ አንድ አይደለም። በጾም ወራት ዘፈን የማይሰሙ አሉ፤ ጭራሽ የተዉም አሉ። ታላላቆቹ የፍቅር ዘፋኞች ሙሉቀን መለሰና ሒሩት በቀለ በዝናቸው ጫፍ ላይ ሳሉ ዘፈንን ትተው ወደ መዝሙር የገቡ ናቸው። ሒሩት በ2015 ዓ.ም.፣ ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አርፈዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም መኃልየ መኃልይ የሚባል፣ በሙሽሪትና በሙሽራው የፍቅር ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። የአንቺን ጉዳይ ከንስሐ አባትሽ ወይም ከመጋቢሽ ጋር ተነጋገሪበት። እኛ የምንልሽ አንድ ነገር ነው፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የቀረብሽን ስሜት መርምሪ። ለሰው ርኅራኄ፣ ለቤተሰብሽ ናፍቆት፣ ለራስሽ ክብር ከተወልሽ አንድ ነገር ነው። ቂም፣ ምሬት፣ ባልን መናቅ ከተወልሽ ደግሞ አዝራሩን ማጥፋት የአንቺ ሥልጣን ነው።

ናፍቆቱን ለምን እናውለው?

ናፍቆት ኃይል ነው፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይመርዛል፣ ሲሠራበት ግን ያንቀሳቅሳል። ልጅሽ አገር ቤት ካለች፣ ያን ዘፈን ላኪላትና «ይህን የምሰማው እንዳንቺ ልጅ ሆኜ ነበር» ብለሽ ታሪኩን ንገሪያት። እናቷን የምታውቀው በሐዋላ ወረቀት ብቻ ነውና የእናቷን ወጣትነት ብታውቅ ደስ ይላታል። እሷም የምትወደውን የዛሬ ዘፈን ትላክልሽ፤ ባይጥምሽም እስከ መጨረሻው ስሚላት። ታላቅሽ የሆነች እህት አብራሽ ካለች ደግሞ የእነ ጥላሁን ገሠሠን ዘመን ጠይቂያት። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ የት እንደነበረች ትንገርሽ። እንዲህ ስትጨዋወቱ ለብቻ የተሰማው ዘፈን እንደ ድሮው የጋራ ይሆናል።

ብቻሽን ያለሽ ከሆነ ደግሞ ደብተር ግዢ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያስታወሰሽን አንድ ነገር ጻፊ፦ የመንደሩን ስም፣ የጓደኛሽን ሳቅ፣ የለበስሽውን ቀሚስ ቀለም። ከታቹ ደግሞ ስለ ነገ አንድ መስመር ጨምሪ፤ የምትከፍችውን ሱቅ፣ የምትማሪውን ሙያ፣ የምትሠሪውን ቤት። እንዲህ ስታደርጊ ትናንትሽ ለነገሽ ስንቅ ይሆናል።

ዛሬ ሌሊትም ያ ዘፈን ይመጣ ይሆናል። ይምጣ፤ እስከ መጨረሻው ስሚው፤ ያቺን ልጅም ሰላም በያት። ስልክሽን ከማጥፋትሽ በፊት ግን ሰዓቱን እዪ፤ ነገ በማለዳ ሥራ አለሽና ተኚ። እግዚአብሔር አምላክ ድካምሽን ይቁጠርልሽ፤ ለአገርሽና ለወገኖችሽ በሰላም ያብቃሽ።